የአባባ የስፌት መኪና

ጥር 6
ጠዋት እንደ ልማዴ የአባባን የስፌት መኪና ዘይት ቀባኋት። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ሳቀብኝ። "አዲሶቹ እያሉልሽ አሮጊቷን ስትንከባከቢ ትውያለሽ!" ይሳቅ። ስፌት ቤታችን ኩባንያ ሲሆን እሱ ገንዘብ አዋጣ፣ እኔ መኪናዋን። እኩል አክሲዮን ደረሰን።
ማታ እማዬ ከአልጋዋ ሆና፣ "ቀባሻት?" አለችኝ። እጄን ስባ አሸተተች። ዘይቱ ካልሸተታት እንቅልፍ አይወስዳትም።

ጥር 13
ጋሼ አንድ ባለሀብት ይዞ መጣ። ሽቶው ቀድሞት ገባ። ኩባንያው አዲስ አክሲዮን ያወጣል፣ እሱ ይገዛል፣ ሥራው ያድጋል... እንዲህ ነው ነገሩ።
ሒሳብ ሠራተኛችን፣ "መጀመሪያ የመግዛት መብቱ የናንተ ነው" አለኝ። በምን ልግዛ? በምራቄ?
ጋሼ፣ "እኔ አለሁ አይደል? ምን ያስፈራሻል?"
እውነቱን ነው። መግዛት አልፈልግም ብዬ ፈረምኩ።

ጥር 29
ባለሀብቱ ከግማሽ በላይ ያዘ። እኔና ጋሼ ተደምረንም አንደርስበትም። "እንኳን ደስ አላችሁ" ተባልን። እሺ... ደስ ይበለን።

የካቲት 11
ስብሰባ። አሮጌ ዕቃ ይሸጥ ተባለ። የአባባ መኪናም! "እሷማ የኔ ናት!" ብዬ ብድግ አልኩ።
ሒሳብ ሠራተኛው አንገቱን ደፋ። "እህቴ፣ እሷን ሰጥተሽ አክሲዮን ወስደሻል። አሁን የኩባንያው ናት።"
ወይ ነዶ! አዋጣሁ እንጂ የሰጠኋት አልመሰለኝም እኮ።
እጅ አውጡ ተባለ። ባለሀብቱ አወጣ። የእሱ ብቻ ይበቃ ነበር። ጋሼን አየሁት። አቀርቅሮ... እሱም አወጣ።
ለምን? ባያወጣ ምን ይጎድልበት ነበር?

የካቲት 12
ሳለቅስ አደርኩ።

የካቲት 15
ልግዛት ብዬ ለመንኩ። "ከሌሎቹ ጋር ለአንድ ነጋዴ በጅምላ ተሸጣለች" አሉኝ። ሁለት ተሸካሚዎች እያማረሩ አወጧት። ጋሼ በር ላይ፣ "አዲስ እገዛልሻለሁ" አለኝ። ሁለታችንንም ያሳደገችን እሷ አይደለች?
ማታ እማዬ እጄን አሸተተች። "ዛሬስ አልቀባሻትም?"
"ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ እማዬ።"
ስትገላበጥ አደረች። እውነቱን ብነግራት ትሞትብኛለች። ሆድ ይፍጀው።

የካቲት 16
የዘይቱን ጠርሙስ ወደ ቤት ይዤ መጣሁ። ከእማዬ ክፍል በር ላይ ቆሜ ጣቶቼን ቀባሁ።
"ቀባሻት?"
"አዎ፣ እማዬ።"
እጄን አሸተተች። "ጎሽ፣ የኔ ልጅ" አለችና ተኛች።