በሰም የተደፈነው ካምቢዮ

ልጄ ይስማው፣ ቅዱስ ሚካኤል በሰው አገር ጥላ ከለላ ይሁንህ። እኔ አለሁ፤ ዳጉሳውም ዘንድሮ ደህና ነው። ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ብቻህን አታንብብ፤ ያገርህን ሰው አጠገብህ አስቀምጥ።

አባትህ አምና ክረምት ሞቷል። አጎትህ ዓለምነው «በሰው አገር ላለ ልጅ መርዶ በደብዳቤ አይነገርም» ብሎ ደህና ነው እያለ ሲጽፍልህ ከረመ። አንተም «አባባ፣ የመኪናዋ ዘይት መፍሰሱ ቆመልዎት?» እያልክ ሟች ትጠይቃለህ።

አልቆመም። ለአራቱም ጎማ ጉልበት የሚያካፍለው ካምቢዮ ሲያንጠባጥብ፣ ላስቲኩ ይቀየር ብትለውም፣ አባትህ እንደ ቀፎ ስንጥቅ በሰም ደፈነው። ገበያተኛው «ገበየሁ፣ ንብ አሰፈርክባት እንዴ?» ሲለው ይስቅ ነበር። ግምጃ ቤት በሚባለው አገር ዳገት ላይ ካምቢዮው ሲግል ሰሙ ቀለጠ፤ ዘይቱ አለቀና የፊት ጎማዎቹ መሳብ ተዉ። ሊያይ ከሥሯ ሲገባ በጭቃው ተንሸራታ ተጫነችው።

ሰው ሁሉ «የእግዜር ፈቃድ ነው» ይለኛል። እኔ ግን አባትህንም፣ መኪናዋንም፣ ዓለምነውንም ይቅር አላልኩም። በዚህ ዕድሜዬ ከመሪጌታው ዘንድ ፊደል የቆጠርኩት፣ ሌላ የሐሰት ወረቀት እንዳይደርስህ ብዬ ነው።

አምላክ እንባህን ያብስልህ፤ የቀረኝን ዕድሜ ላንተ ያድርገው። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። እንደ አገራችን ወግ ጮክ ብለህ አልቅስለት፤ ጎረቤቶችህ ፈረንጆች ቢሆኑም።

እናትህ ያለምወርቅ፣ ከዳንግላ