ለዶሮ ቤታችን ስለተሰጠው ታላቅ ክብር

ለመጀመሪያ ቤት ገዢዎች የግብር ቅናሽ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊው
አርባ ምንጭ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እየተመኘሁ፣ በዚህ በሲቀላ ሰፈር ሙቀት የቢሮዎ ማራገቢያ ለአፍታም ሳይቆም እንዲዞርልዎ እጸልያለሁ። አቢጋኤል ዳልጮ እባላለሁ፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህርት ነኝ። ባለቤቴ ክብሩ አናጢ ነው። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት ያደረጉልን ውለታ በፖስታ ታሽጎ የሚላክ ዓይነት ስላልሆነ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ማስታወቂያዎ ከልብ አመሰግናለሁ። በዚያን ጊዜ በጋሼ ሰይፈሥላሴ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ነፍሰ ጡር ስለነበርኩ የልጁን አልጋ የት እንደምናኖር ስናስብ፣ የተገኘው ብቸኛ ቦታ በሩ ሲከፈት የሚያርፍበት ነበር። ስለዚህ ጋሼ ሰይፈሥላሴ ከግቢው ጀርባ ያለችውን ባለ ሁለት ክፍል ቤታቸውን ሊሸጡልን በቃል ተስማምተን፣ ከዘመድም ከባንክም ለምነን፣ ውል ለመፈራረም ቀን ቆርጠን ነበር። ልክ በዚያው ሳምንት «ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የሚገዛ ሰው ከሚከፍለው ግብር ላይ ይቀነስለታል» የሚለው ብሥራትዎ፣ ባጃጅ ላይ በተጫነ ድምፅ ማጉያ ሰፈራችንን ዞረ። ክብሩ መጋዙን ጥሎ ወጣ፤ እኔም እልል አልኩ። ከሁላችን የበለጠ የተደሰቱት ግን ጋሼ ሰይፈሥላሴ ነበሩ።

«እንኳን ደስ አላችሁ ልጆቼ፣ መንግሥት አሰበላችሁ!» ብለው ሁለታችንንም አቅፈው ሳሙን። ከዚያም የቤቷን ዋጋ ልክ በቅናሹ ያህል ከፍ አደረጉት።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ለእኛ የታሰበ ነው» አልኳቸው።

«እኔ ምን ወሰድኩባችሁ ልጄ? በእኔ በኩል አለፈ እንጂ።»

ከእሳቸው ግቢ እስከ መናኸሪያ ድረስ ቤት የሚሸጥ ሰው ሁሉ በዚያው ሳምንት እንደ እሳቸው ደግ ሆነ። ቅናሹ የሚሰጠው ቤቱን ገዝቶ ለጨረሰ ሰው ብቻ መሆኑንም ሳላመሰግን አላልፍም፤ መግዛት ያቃተው ሰው በከንቱ እንዳይጨነቅ ታስቦ እንደሆነ ይገባኛል።

ሁለተኛ፣ ስለ አጣሪ ኮሚቴዎ። ቅናሹን ካላገኘን አዲሱን ዋጋ ጨርሶ የማንችለው ስለሆነ፣ ከመግዛታችን በፊት እንዲጣራልን አመለከትን፤ ቤት ኖሮን እንደማያውቅ ለማረጋገጥም የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ሸዋንዳኝ ከነባልደረቦቻቸው ግቢያችን ድረስ መጡ። ኪራይ ቤታችንን አዩ፤ እንደ ሰው አዘኑልን። ሊወጡ ሲሉ ግን ዓይናቸው የዶሮ ቤታችን ላይ አረፈ።

እዚህ ላይ ስለ ባለቤቴ አንድ ነገር መግለጽ ይኖርብኛል። ክብሩ እንጨት ከያዘ ማቆሚያ የለውም። ሸለምጥማጥ ጫጩቶቼን ስለፈጀብኝ አንድ ሣጥን ቢጤ ምታልኝ ብዬ ለምኜው ነበር፤ እሱ ግን የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሁለት መስኮት፣ የሚቆለፍ በርና፣ ምን አስቦ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፣ በረንዳ ያለው ቤት ሠራ። ጋሼ ሰይፈሥላሴም ከእኛ ክፍል ይሻላል እያሉ ይቀልዱ ነበር።

አቶ ሸዋንዳኝ ጎንበስ ብለው ራሳቸውን በበሩ አስገቡና «ማን ነው የሚኖርበት?» ሲሉ ጠየቁ።

«ዶሮዎች» አልኩ።

«በኪራይ?»

«ኧረ የራሳቸው ነው!» አልኩ፤ ቀልድ መስሎኝ።

አቶ ሸዋንዳኝ ምሰሶውን ነቅነቅ አደረጉት፤ ንቅንቅ አላለም። «ለመሆኑ ይሄ ስንት ዓመት ይቆያል?» አሉ።

ዝም እንዲል የክብሩን እግር ረገጥኩ። እሱ ግን ሥራው ሲነካበት ሚስትም አትታየውም፤ ደረቱን ነፍቶ «እኛ ሁላችን ካለፍን በኋላም ይቆማል!» አላቸው።

ውሳኔው ብዙ አልቆየም፤ ጣሪያ፣ በርና ቁልፍ ያለው ቋሚ ግንባታ ስላለን ባለቤት መሆናችን ተረጋግጦ ማመልከቻችን ውድቅ ተደረገ። ይግባኝ ልል ስሄድ ይግባኝ የሚሰሙት አቶ ሸዋንዳኝ ራሳቸው መሆናቸውን ተረዳሁ፤ እሳቸውም በአክብሮት ተቀብለው «የወሰነውን አካል አነጋግሬ መልስ እሰጥሻለሁ» አሉኝ። ያን ቀን ከቢሮዎ እስከ ቤቴ እያለቀስኩ ሄድኩ። ክብሩም ሦስት ቀን ሙሉ መዶሻ አልነካም፤ እሱን ለሚያውቅ ሰው ይህ ከለቅሶ ይብሳል።

ሦስተኛ፣ ጋሼ ሰይፈሥላሴን ስለረዱልን። እኛ አንገታችንን ደፍተን በተቀመጥንበት ጋሼ መጥተው የዶሮ ቤቱን ካልሸጣችሁልኝ አሉን። ምን ሊያደርግልዎ ነው ብንላቸው «እኔ እኮ በሕይወቴ ቤት ገዝቼ አላውቅም» አሉ፤ እውነታቸውን ነው። አንዱን ቤት ወርሰው ለልጃቸው አዛውረዋል፤ የቀሩት ደግሞ በባለቤታቸው በወይዘሮ ልክነሽ ስም ናቸው። ቸግሮን ስለነበር ሸጥንላቸው። ኮሚቴዎ የመጀመሪያ ቤት ገዢ መሆናቸውን አረጋግጦ ከኪራይ ግብራቸው ላይ ቅናሹን አደረገላቸው፤ ዶሮዎቼም በነጋታው ተከራይ ሆኑ። ኪራያቸውን በእንቁላል ይከፍሉ ነበር።

ወሬው ሲቀላን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። በስሙ ቤት የሌለው ባለ ፎቅ ሁሉ የዶሮ ቤት ሊገዛ ወደ ክብሩ ይጎርፍ ጀመር፤ አንዱ መስኮት ያለው፣ ሌላው በረንዳው ሰፋ ያለ ይፈልጋል፤ አንድ ባለ ሆቴል እንዲያውም ፎቅ አዘዘ። በስብሰባ ላይ «ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የገዙ ነዋሪዎች ቁጥር ከዕቅድ በላይ ሆኗል» ብለው ሪፖርት ሲያቀርቡና ሲጨበጨብልዎ ከኋላ ወንበር ሆኜ እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ አብዛኞቹን ነዋሪዎች በላባቸው ቀለም አውቃቸዋለሁና።

በመጨረሻ እኛም ወጣልን። ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ላንቴ የሚኖሩት አባቴ ከሙዝ ማሳቸው አጠገብ ካለው ግቢያቸው ጥግ ቆርሰው ሰጡን፤ ክብሩም ባለ ፎቆቹ በከፈሉት ገንዘብ ሁለት ክፍል ሠራ። ልጃችን ኢያኤል የተወለደችው እዚያ ከገባን በኋላ ነው። ጠዋት ጠዋት በባጃጅ አቧራ እየጠጣሁ ወደ ሥራ እመጣለሁ እንጂ፣ አልጋዋ ከበሩ ርቆ ተቀምጧል።

ታዲያ ክቡር ሆይ፣ አባት ወይም አናጢ ባል የሌላት የሥራ ባልደረባዬ አበቡ አሁንም ተከራይ ናት። ለእሷ ስል አንድ ነገር በድፍረት ልጠይቅ። የሚሸጠው ቤት ቁጥሩ ያው ሆኖ ለገዢው ብቻ ገንዘብ ሲጨመርለት፣ ገንዘቡ ሻጩ ኪስ ይገባል። ይህን ለመረዳት የምጣኔ ሀብት ዲግሪ አላስፈለገኝም፤ ጋሼ ሰይፈሥላሴ አቅፈው ሲስሙኝ ገብቶኛል። በቅናሽ የሚቀረው ግብር ተሰብስቦ ውኃና መንገድ የገባለት ቦታ ቢዘጋጅና ለቤት ሠሪ ማኅበራት ቢሰጥ፣ ቢያንስ ሰው የሚገባበት ቤት ይጨምር ነበር። ለነገሩ እርስዎ ይህን ሳያስቡት ቀርተው አይመስለኝም፤ ምናልባት በባጃጅ ድምፅ ማጉያ ለመናገር ስለሚረዝም ይሆናል።

ዕድሜና ጤና፣ ብዙ ስብሰባና ረጅም ጭብጨባ እየተመኘሁልዎ፣ ከወንበርዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

አክባሪዎ
መምህርት አቢጋኤል ዳልጮ
ከላንቴ

ማስታወሻ፦ ጽሕፈት ቤትዎ ራሱ ተከራይ እንደሆነና አከራዩም ከመጪው ወር ጀምሮ ዋጋ እንደጨመሩበት በቅርቡ ሰማሁ፤ በጣም አዝኛለሁ። እስካሁን የራሱ ቤት ኖሮት የማያውቅ ከሆነ ግን ለቅናሹ ያመልክት። አቶ ሸዋንዳኝ መጥተው ያጣሩለታል።