ዳር ላይ የሚቆመው ሰው

ይድረስ ሐይቅ ከተማ ለሚገኙት ለውድ አያቴ ለአባባ፤

«ባሕር ውስጥ የምትገባ የልጅ ልጅ የለኝም» ብለው ስልኩን ከዘጉባት፣ ከሌለችው የልጅ ልጅዎ ከዊጅዳን።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አባባ፣ ለመሆኑ እንዴት ነዎት? ጉልበትዎን የሚይዝዎት ብርድ ለቀቀዎት ወይስ አሁንም ለሱብሒ ሶላት ሲነሱ ያቃስታሉ? ዓይንዎን ከታከሙ ወዲህ መስጊድ ደጃፍ የቆመውን ሰው ሁሉ ከሩቅ እየለዩ በስሙ ይጠራሉ ሲባል ሰማሁ፤ ማሻአላህ፣ ሰው ከእርስዎ የሚደበቅበት ጠፋ ማለት ነው። ላሚቱስ ወለደች? ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያው ተጠገነ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከእርስዎ ናፍቆትና ከእርስዎ ኩርፊያ በቀር የሚያመን ነገር የለም።

ስልክ ስደውል ስለማያነሱ በወረቀት መጣሁ። ወረቀት ጥሩ ነገር ነው፤ መሐል ላይ አያቋርጡኝም፤ እኔም ቪዲዮ ላይ እንደለመድኩት ግንባርዎንና የጣሪያውን ቆርቆሮ እያየሁ አላወራም። የቅርብ ፊደል አሁንም ስለሚያስቸግርዎት የምታነብልዎት የአጎቴ የአልአሚን ልጅ ሪሐብ እንደምትሆን አውቃለሁ። ሪሐብ፣ አባባ «ይበቃል፣ እጠፊው» ቢሉሽ እንዳልሰማ ሁኚ። አንድ መስመር ዘለሽ ብታልፊ አውቅብሻለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎት፤ ምክንያቱም እርስዎ ጆሮ የደረሰው ወሬ እዚህ በሃክኒ ሰፈር፣ ከዚያም በጂዳ ዞሮ ስለመጣ «ዊጅዳን እሳተ ገሞራ ውስጥ ልትዘል ነው» ሆኖ ነው የደረሰው። አልዘልም። ኬንቲሽ ታውን፣ ከቤታችን ብዙም በማይርቅ መዋኛ ገንዳ የጠላቂዎች ክበብ አለ፤ የአየር ሲሊንደር በጀርባቸው አዝለው ውሃ ውስጥ እየተነፈሱ የሚቆዩ ሰዎች ማለት ነው። እዚያ ስማር ቆይቼ፣ ድሮ የድንጋይ ካባ በነበረ፣ አሁን ውሃ በሞላው ጉድጓድ ውስጥ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ተፈትኜ አልፌያለሁ። የምንለብሰው ልብስ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፤ የራስ መሸፈኛም አለው፤ ከእኔ የበለጠ የተሸፈነች ልጅ በመላው ለንደን ቢፈልጉ አያገኙም፤ ስለዚህ በዚያ በኩል የሚመጣውን ክርክር ከአሁኑ ይተዉት።

ሐምሌ ውስጥ፣ የትምህርት ቤቱ ፈተና ካለቀ በኋላ፣ ከክበቡ ጋር ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ወዳለች አንዲት ሞቃት ደሴት እንሄዳለን። ስሟን አልነግርዎትም። ከነገርኩዎት እዚያ የሚኖር የአንድ የምናውቀው ሰው የሚስት ወንድም አይጠፋም፤ ባሕሩ ዳር ስደርስ ሽማግሌዎች ምንጣፍ አንጥፈው ይጠብቁኛል።

ደሴቲቱን የሠራት እሳተ ገሞራ ነው። ቅልጥ ድንጋዩ ወደ ባሕር ሲወርድ ላዩ ቀዝቅዞ ይጠነክራል፤ ውስጡ ግን እየነደደ መፍሰሱን ይቀጥላል። ላዩ የበረደ መስሎት ትኩስ ገንፎ የጎረሰ ሰው ይህ ነገር ወዲያው ይገባዋል። ውስጡ ፈስሶ ሲያልቅ ቅርፊቱ ባዶውን ይቀራል፤ እንደ ትልቅ ቧንቧ ያለ ረጅም ዋሻ ይሆናል። ዛሬ በዋሻዎቹ ጀርባ ላይ ኮራል በቅሎባቸዋል፤ ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ ያለው ፍጥረት ነው፤ ዓሣው ሁሉ የሚጠለለው እሱ ዘንድ ነው። በጀልባ አይደለም የምንሄደው። ከዳር በእግራችን ገብተን በእግራችን እንወጣለን። ሐይቅ ዳር ተወልደው ሐይቅ ዳር ላረጁ፣ ውሃው ግን ከቁርጭምጭሚትዎ በላይ ለማያውቅዎት ለእርስዎ ይህ እብደት እንደሚመስል አላጣሁትም።

እንግዲህ የላኩብኝ ሽማግሌዎች ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ መጡ። ጋሽ ጀማለዲን፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ፣ እና ጋሽ መዝገቡ፣ በሃክኒ ቤተ ክርስቲያናቸው ለልጆች አማርኛ የሚያስተምሩት። እኔንም ሀ ሁ ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በከፊል የእሳቸው ጥፋት ነው። ሙዝ ይዘው ገቡ። አባዬ እንደ ሁልጊዜው ታክሲውን ይዞ ወጥቶ ነበር። በጉዳዩ ላይ ያለው አቋም «እናትሽን ጠይቂ» ነው፤ እማዬን ስጠይቃት «አባባን ጠይቂ» ትላለች፤ አባባ ደግሞ ስልክ አያነሱም። በዚህ አካሄድ መልስ የማገኘው ጡረታ ስወጣ ነው።

ሽማግሌዎቹ ስለ አየሩ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ጋሽ መዝገቡ ወገብ ካወሩ በኋላ ጋሽ ጀማለዲን ጉሮሯቸውን ጠራርገው «እንግዲህ እዚህ ቤት የመጣነው ለትልቅ ጉዳይ ነው» ሲሉ፣ ለአንድ አፍታ ሊድሩኝ የመጡ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ጋሽ መዝገቡ «ነቢዩ ዮናስ እንኳ ባሕር ውስጥ የገባው ወዶ አልነበረም» አሉ። ጋሽ ጀማለዲን «ነቢዩ ዩኑስም እንደዚያው» ብለው አጸኑት። ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እሱስ ወጥቷል አልኳቸው። «ያወጣው ፈጣሪ ነው» አሉኝ። እኔንም የሚያወጣኝ እሱ ነው፤ ከእሱ ጋር አልተጣላሁም፣ የተጣላሁት ከአባባ ጋር ነው አልኩ። እማዬ ከማእድ ቤት «ዊጅዳን፣ አፍሽን» አለች።

ከዚያ ባሕሩን ጠረጴዛው ላይ ሠራሁላቸው። የሙዙን ልጣጭ ዘርግቼ የባሕር ዳር አደረግሁት፤ የሻይ ብርጭቆዎቹን አስተኝቼ ዋሻ፤ የስኳሩን ዕቃ መኪና። መጀመሪያ የሚመረጠው መግቢያው ሳይሆን መውጫው ነው አልኳቸው። ድንጋዩ ስለታም ነው፤ ማዕበሉ ሰውን አንሥቶ ሊያላትመው ይችላል፤ ስለዚህ ልብሳችንን ሳንለብስ ዳር ቆመን ማዕበሉን ለረጅም ጊዜ እናያለን። ባሕሩ ጠባዩን ቢለውጥ የምንወጣበት ሁለተኛ ቦታ ከወዲሁ እንመርጣለን። የምንገባው ነፋሱ ሳይነሳ በጠዋት ነው። መጀመሪያ የውሃውን ግፊት እየተቃወምን እንዋኛለን፤ ስንመለስ፣ ደክሞን ሳለ፣ ውሃው ይገፋልናል። አየሩን ለሦስት እንከፍለዋለን፤ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ ሦስተኛው ላልታሰበ ነገር፣ ማንም አይነካውም። ብቻዬን አይደለሁም፤ ከጎኔ የምትዋኘው ሱዛን የምትባል ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት። እርስዎን የምታክል ግትር ሴት ናት፤ ብትተዋወቁ ትዋደዳላችሁ ወይም ትካሰሳላችሁ።

ዋሻውን በተመለከተ፣ አባባ፣ አልገባም። ከአፉ ላይ ተንሳፍፌ በባትሪ እያበራሁ አያለሁ። ከላዩ ጣሪያ ያለበት ቦታ መግባት ሌላ ትምህርት አለው፤ እሱን ገና አልተማርኩም። ስማር እገባለሁ። ይህንንም ኋላ አዲስ ነገር እንዳይሆንብዎት ከአሁኑ ይወቁት።

ጋሽ ጀማለዲን የስኳሩን ዕቃ ትክ ብለው እያዩ ቆይተው «መኪናው የሚቆመው መንገድ ዳር ከሆነ ይቀጧችኋል፤ ቼክ አድርጋችኋል?» ብለው ጠየቁ። ከዚህ በኋላ ሽምግልናው ወደ ፓርኪንግ ዞረ። ጋሽ መዝገቡ ግን ጥሩ ነገር ጠየቁ፤ «እዚያ ደርሰሽ ብትፈሪስ?» አሉኝ። ሕጉን ነገርኳቸው፤ ከጠላቂዎቹ ማንኛውም ሰው፣ ዳር ላይም ሆነ ውሃ ውስጥ፣ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ካነሣ ጉዞው ካንስል ይሆናል፤ ሁሉም ይመለሳል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ኋላም አይቀለድበትም። «ያለ ምክንያት?» አሉ። ያለ ምክንያት አልኳቸው። «ሽማግሌ ሳይላክ?» አሉና ራሳቸው ሳቁ።

እማዬ እስከዚያ ድረስ ማእድ ቤቱ በር ላይ በፎጣ እጇን እያደረቀች ቆማ ትሰማ ነበር። «ዳር ላይ የሚቆመውስ ማን ነው?» አለች። አባባ፣ እኔ ስለዚያ ሰው አንድም ቃል አልተናገርኩም ነበር። ግን አለ። ከዳር በሚገባ ጠላቂ ሁሉ ጀርባ ውሃ የማይነካው አንድ ሰው ይቆማል፤ በየት በኩል እንደገቡ ያውቃል፤ መቼ መውጣት እንዳለባቸው ያውቃል፤ ከዘገዩ እርዳታ ይጠራል። ከክበቡ አንዱ ይቆማል አልኳት። «ልጄን የማላውቀው ሰው አይጠብቅልኝም። እኔ እቆማለሁ» አለች።

ጋሽ ጀማለዲን ሙዙን ከአፋቸው ሳያደርሱ ቀሩ። ጋሽ መዝገቡ «ዘሀራ፣ አንቺ እኮ ባሕር...» ብለው ጀመሩ። አልጨረሱትም። ይህን ዐረፍተ ነገር በዘመዶቻችን ቤት ሁሉ ማንም ጨርሶት አያውቅም።

እኔ ልጨርሰው። አጎቴ ሙስዓብ። የእርስዎ ልጅ፣ የእማዬ ታናሽ ወንድም። ሳልወለድ ከጅቡቲ ዳርቻ ወደ የመን ሲሻገር ጀልባው ሰጠመ፤ ሬሳውም አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ስሙ ሲነሣ እርስዎ ከቤት ይወጣሉ፤ እማዬ ደግሞ ባሕር ባለበት አትደርስም። ትምህርት ቤት ልጆቹን ብራይተን ባሕር ዳር ሲወስድ እኔ በየዓመቱ «ሆዷን አሟታል» እየተባልኩ ቤት እቀር ነበር። ሆዴን አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም።

ይቆጡኝ፣ ግን እስከ መጨረሻው ይስሙኝ። ሙስዓብን ባሕሩ ብቻ አይደለም የገደለው። ጀልባው ከሚችለው በላይ ሰው የጫነ፣ ነፋሱን እያየ «ዛሬ ይቅር» ያላለ ደላላም ነው። ሙስዓብ አውራ ጣቱን ቢያነሣ ማን ይመልሰው ነበር? ዳር ቆሞ «ልጁ ዘገየ» የሚል ማን ነበረው? እኔ የምገባው እሱ የተነፈገውን ሁሉ ይዤ ነው። ስለዚህ የእሱን ሞት መዝጊያ አድርገው በር አይቆልፉብኝ። እሱም ቢሆን ከእኔ ጋር የሚወግን ይመስለኛል። እማዬ እንደነገረችኝ ልጅ ሳለ ልብሱን ዛፍ ሥር ደብቆ ሐይቁ ውስጥ ይዋኝ ነበር፤ እርስዎ «ፀጉርህ ለምን ረጠበ?» ሲሉት «ለሶላት ዉዱእ አድርጌ ነው» ይልዎት ነበር። አባባ፣ ዉዱእ ሰውን እስከ ጀርባው አያረጥብም። ያኔ ሊገባዎት ይገባ ነበር።

ፈቃድ እየጠየቅሁ አይደለም። ሰኔ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ይሞላኛል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፓርክ ሮያል የምግብ ፋብሪካ ውስጥ ሳምቡሳ እየጠቀለልኩ የጉዞዬን ከፍያለሁ። የልጅ ልጅ የለኝም ቢሉም እሄዳለሁ፤ ተመልሼም የልጅ ልጅዎ እሆናለሁ፤ ይህ በእርስዎ ንግግር የሚቀየር ነገር አይደለም። ከእርስዎ የምፈልገው ሌላ ነው፤ ለእኔ አይደለም፣ ለእማዬ ነው።

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ብርጭቆ እያጠበች «ውሃው አንድ ውሃ ነው። እዚያ ከቆምኩ ለወንድሜ ዱዓ አደርግለታለሁ» አለች። ሬሳው ሳይገኝ ብለው እርስዎ ለሙስዓብ ለቅሶ እንዳልተቀመጡ፣ ሌላውም ሰው እንዳይቀመጥ እንደከለከሉ አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች። እስከ ዛሬ ቃልዎን ጠብቃለች፤ አሁን ግን ልታደርገው ነው። ፈርታለች። ባሕሩን ብቻ እንዳይመስልዎት።

ለአጎቴ ለአልአሚን ሰላም ይበሉልኝ፤ ወሬውን ከጂዳ የተቀበለው እሱ እንደሆነ ደርሼበታለሁ፤ ለጊዜው ይቅር ብዬዋለሁ። ለሚስቱም፣ ለትንንሾቹም ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። ጎረቤታችሁ እትዬ አልታየሽ ስለ እኔ ጸሎት መያዛቸውን ሰምቻለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን እንድቀር ሳይሆን እንድመለስ ቢጸልዩልኝ ደስ ይለኛል። ላሚቱንም ጀርባዋን እከኩልኝ። ሪሐብ፣ አንቺን አቅፌ ስሜሻለሁ፤ ጉሮሮሽ እንዳልደረቀ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ጥቂት ነው የቀረሽ።

አባባ፣ በዚያ ጠዋት እኔ ከገባሁ በኋላ እማዬ ዳር ላይ ሆና ትደውልልዎታለች። ዱዓውን ብቻዋን ታድርገው ወይስ ከአባቷ ጋር፣ ምርጫው የእርስዎ ነው። እኔ ውሃ ውስጥ ስለምሆን አልሰማችሁም፤ እንደፈለጋችሁ አልቅሱ።

ጉልበትዎን የምትስመው
ዊጅዳን

ኬንቲሽ ታውን፣ ለንደን
ግንቦት 2017 ዓ.ም.