የቀረን ዲያቆን

ኅዳር 28 ቀን 2003 ዓ.ም.
ከቡይት ራስ በታች

ውድ የነፍስ ልጄ ታደለ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ አለን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አለን ስልህ እንግዲህ ሽማግሌዎቹን ነው። እናትህ የሺወርቅ ባለፈው ሳምንት ለገብስ አጨዳ ደቦ ብትጠራ አራት ሽማግሌ ሄድንላት። ወገባችንን ይዘን ስንንፏቀቅ ዋልን፤ የማሳው እኩሌታ እንኳ አልታጨደም። የጠመቀችው ጠላ ተረፈ። እሷም አፈረች፤ እኔም አፈርሁ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ያኔ አንተና ሰይፈ ሥላሴ፣ ሁለታችሁም ዲያቆናት ሳላችሁ፣ ካርቱም እንሂድ ስትሉ የገብርኤል ሣር ክዳን እያፈሰሰ ነበርና፣ «ሂዱ፣ ሠርታችሁ ቆርቆሮ ላኩልን» ብዬ በምእመናኑ ፊት መረቅኋችሁ። ሌላውም ወጣት እናንተን አይቶ ተከተለ። ቆርቆሮው መጣ፤ ተባረኩ፣ ዝናብ አያስገባም። ግን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ካልተሟላ ቅዳሴ እንደማይቀደስ አንተ ታውቃለህ። እኔና ቄስ ወልደ ገብርኤል አለን። ከዲያቆናቱ የቀረን ያርጋል ብቻ ነው። ሁለቱን ከጎረቤት ደብር እየለመንን እስከ ዛሬ ገፋን፤ ሦስተኛ እንዳንለምን እነሱም የላቸውም።

ትናንት ያርጋል መጥቶ እግሬ ላይ ወደቀ። «አባቴ፣ ይፍቱኝ፣ ልሂድ» አለኝ።

«ቅዳሴውስ? አንተ ከሄድህ ሊታጎል ነው እኮ!» ብዬ ጮኽሁበት።

«የአባቴ መሬት ለአምስት ወንድማማች ተካፍሎ የኔ ድርሻ በሬ እንኳ አያዞርም። በምን ጎጆ ልውጣ?» አለ። ቀጥሎ ቀስ ብሎ፣ «ታደለን መርቀውት የለም እንዴ?» አለኝ።

ደከመኝ፣ ታደለ። ሰው በዛ፣ መሬት ጠበበ እያልን ስናማርር ኖርን። አሁንም መሬቱ እንደጠበበ ነው፤ ጉልበት ያለው ግን ሄዶ የሰው አገር ያለማል። ቆርቆሮውን ተወውና ሰው ላክልን፣ አንተም ተመለስ ልልህ አስቤ ነበር። መጥተህስ ምን ታርሳለህ?

ታኅሣሥ 19 የገብርኤል ንግሥ ነው። ቅዳሴው መታጎሉን ለእናትህና ለምእመናኑ በዚያ ቀን እነግራቸዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥህ ያርጋል ነው። መንገዱ ያደክመዋልና መጀመሪያ የሚበላ ስጠው። አትቆጣው፤ መርቄ የላክሁት እኔ ነኝ።

የነፍስ አባትህ
ቄስ ኪዳነ ማርያም