እህቴ ስላልጠየቀችው ቀዶ ጥገና

ለተከበሩ የእናቶች ሆስፒታላችን ዋና ሐኪም፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? መቼም እርስዎ ደህና ካልሆኑ እኛ ማን ሊያየን ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ቁጭ ብድግ እያልኩ ስለሆነ ለተንጋደደው መስመር ከወዲሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ። እኔ ከሆስፒታልዎ አጥር ማዶ ባለው የልደት ምዝገባ ቢሮ ሁለተኛው መስኮት ላይ የምሠራ ነኝ። በእርስዎ ቤት የተወለደ ሁሉ በእኔ እጅ ሳያልፍ ዜጋ አይሆንምና እንደ ሥራ ባልደረባ ቢቆጥሩኝ ደስ ይለኛል።

አንደኛ፣ ቅዳሜና እሑድ ሰው እንዳይወለድ ስላደረጉልን ከልብ አመሰግናለሁ። ዘንድሮ ከመዘገብኳቸው ሕፃናት አብዛኞቹ የመጡት ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ያውም ከምሳ በፊት ነው። ድሮ ሕፃን ደስ ባለው ሰዓት ነበር የሚመጣው፤ አሁን ተመስገን፣ እንደኛው በሥራ ሰዓት ይገባል። ሐኪሞቹ ከሰዓት በኋላ የግል ክሊኒክ ስለሚጠብቃቸው ነው የሚሉ አሉ። እኔ ሐሜት አልወድም፤ ቢሆንስ፣ ሴትየዋም ብትሆን የሐኪሙን ፕሮግራም አይታ ማማጥ አልነበረባትም?

ሁለተኛ፣ ስለ አዋላጆችዎ። ከሦስት ዓመት በፊት ታናሽ እህቴን ለመጀመሪያ ልጇ ይዤ ስመጣ፣ ለስድስት የሚያምጡ ሴቶች አንዲት አዋላጅ ወገቧን ይዛ ከአልጋ አልጋ ትሮጥ ነበር። ከአንዲት ሴት አጠገብ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ አይዞሽ ከማለት በአንድ ሰዓት ቀዶ መገላገል እንደሚቀል እኔም አይጠፋኝም። እኔ ልቀመጥላት ብል ቤተሰብ አይገባም ተባልኩ። እህቴን በበሩ መስታወት ነው ያየኋት፤ በዓይኗ ትፈልገኝ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ፊርማዋ። በሁለት ምጥ መካከል የስምምነት ቅጽ ሰጧትና ፈረመች። የቀዶ ጥገናው ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «በእናት ጥያቄ» ተብሎ አስቀድሞ ተሞልቶ ነበር። በእጅ የተጻፈ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ተጽፎ በፎቶ ኮፒ የተባዛ ነው። እንዴት አወቅሽ ቢሉኝ፣ የዚህ ቅጽ ቅጂ ከልደት ማስረጃው ጋር ወደ መስኮቴ ይመጣል፤ በሁሉም ላይ ከመጨረሻው ፊደል ሥር አንዲት የቀለም ጠብታ አለች። ምናልባት ባዶው ቅጽ ያለቀ ዕለት አንዱ ትጉህ ሠራተኛዎ የተሞላውን አባዝቶ ይሆናል። ይኸው በዚያች ጠብታ ስንት መቶ ሴት ጠያቂ ሆነች።

እህቴ የጠየቀችው ውሃ ነበር። ከዚያ እኔ እንድገባላት ጠየቀች። ከዚያ የልጁ ልብ ደህና ይመታ እንደሆነ ጠየቀች፤ ደህና ነው ተባለች። ቅደዱኝ ግን አላለችም። እርስዎ ደግሞ በር ላይ በለጠፉት ዓመታዊ ሪፖርት ቀዶ የበዛው የዘመኑ እናቶች ምጥ እየፈሩ ራሳቸው ስለሚጠይቁ ነው ብለው አዝነዋል። ስለ ሐዘንዎ እግዜር ይስጥልን።

በቀዶ ጥገና ጠብ የለኝም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እትብቱ ከልጁ ቀድሞ ወጥቶባት በሐኪሞችዎ እጅ ከነልጇ ተርፋለች፤ እጃቸው ይባረክ። የእኔዋ ግን ምክንያት ሳይነገራት ተቀድዳ፣ ቁስሉ አመርቅዞ ሁለት ወር ጎንበስ ብላ ሄዳለች። ልጇን አንስታ ማቀፍ እንኳ አቅቷት ስታለቅስ አይቻለሁ።

አራተኛ፣ አሁን ሁለተኛ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ገብቷል። ክትትል ክፍል ሄዳ በምጥ ለመውለድ መሞከር እችላለሁ ወይ ብላ ብትጠይቅ፣ ሐኪሙ ቀና ሳይል አንዴ በቀዶ የወለደች ሁሌም በቀዶ ነው ብሎ የመጪውን ማክሰኞ ጻፈላት። ካርዷን ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ እቤቴ እወልዳለሁ፣ እዚያ ግን አልመለስም ብላ በሯን ዘግታ ተቀምጣለች። ባሏ ለመናት፣ እኔ ተቆጣሁ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለችን። ማህፀኗ ላይ የቀዶው ጠባሳ አለ፤ በምጥ ቢተረተር እቤት ማን ይደርስላታል። ከእኔ መስኮት ቀጥሎ ያለው መስኮት ሞት ይመዘግባል፤ እዚያ የምትቀመጠው ሴትዮ ምን ምን እንደምትጽፍ አውቃለሁ። ፈርቻለሁ ክቡር ዶክተር።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። አንድ ሐኪም ወንበር ስቦ ይቀመጥና ፋይሏን አገላብጦ እውነቱን ይንገራት። መሞከር የምትችል ከሆነ ቀዶ ክፍሉ አጠገብ ሆና፣ እየተጠበቀች ትሞክር። የማትችል ከሆነም ምክንያቱን ሰምታ በገዛ እግሯ መጥታ ለቀዶው ትተኛለች፤ እህቴን አውቃታለሁ። እኔም እጇን ልያዝ። እሺ ካሉኝ ዛሬውኑ ሄጄ አመጣታለሁ።

ከቀዶ ክፍል እስከ ፎቶ ኮፒ ማሽን ለተዘረጋው ድካምዎ እጅ ነስቼ፣ ዕድሜና ጤና፣ ከተቻለም ትንሽ ትዕግሥት እየተመኘሁልዎ፣

አክባሪዎ፣
የሁለተኛው መስኮት መዝጋቢ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ መልስዎ ዘግይቶ፣ እህቴም እቤቷ ብሶባት በሸክም ብናደርሳት፣ በሪፖርትዎ ላይ «ዘግይታ የመጣች እናት» ተብላ እንዳትጻፍብኝ አደራ። አንድ ጊዜ በሰዓቷ መጥታላችሁ ነበር፤ ያን ጊዜ የቸኮላችሁት እናንተ ናችሁ።