ከመጋዘን ያመጣሁልሽ በርሜል

ውዴ አንጓች፣

አፈር ከለበስሽ እነሆ ሰባት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ አንድ መስመር ሳልጽፍልሽ የቆየሁት እጄ ሰንፎ እንዳይመስልሽ። ከሰላምታው ቀጥሎ መምጣት ያለበትን ነገር ስለምፈራው ነው። አሁን ግን አስቀድሜ ልበለውና የቀረውን ቀስ ብዬ ላውጋሽ። ልጃችንን ዳኘውን ሸክላ ሠሪዋ ትርንጎ በዓይኗ አልበላችውም። የገደለው እኔ ከመጋዘን ያመጣሁልሽ በርሜል ነው። ይህንንም ልጁ ከመሞቱ ከሦስት ቀን በፊት አውቄው ነበር።

ይህችን ጽፌ ብዕሩን አስቀመጥሁና ደጅ ቆሜ ቆይቼ ተመለስሁ።

የሺ ልጃችን ደኅና ናት። በቁመት አንቺን ልትደርስ ነው፤ ሻሿን እንዳንቺ ወደ ግንባሯ ዝቅ አድርጋ ታስራለች። ወጡ ጨው ሲበዛበት ቀድማ ትቆጣኛለች፣ እኔ የሠራሁት ይመስል። የጓሮውን አጥር ክረምቱ ጥሎት እንደገና አጥሬዋለሁ። የጎረቤታችን የፈረደ ቤት ደግሞ ሣሩ ወርዶ ቆርቆሮ ለብሷል፤ ዝናብ ሲጥል የሁለታችን ጣራ እኩል ይጮኻል። ስለ ሰው ጣራ የማወራሽ ወሬ አምሮኝ አይደለም፤ ወደኋላ ታገኚዋለሽ።

በርሜሉ የመጣበትን ቀን ታስታውሺዋለሽ። እንስራውን አዝለሽ፣ ዳኘውን በክንድሽ ታቅፈሽ ከምንጩ ዳገቱን ስትወጪ አይቼ ሆዴ አልቻለም። በዚያን ጊዜ አራዳ ካለው መጋዘን ዘበኛ ነበርሁ። ለአንበጣ የሚነሰነሰው ዱቄት በበርሜል እየመጣ እዚያ ይከማቻል። ትእዛዙ ባዶው በርሜል ተበስቶ ጉድጓድ እንዲገባ ነው። እኛ ዘበኞች ግን እንዲያ ያለውን ጠንካራ ብረት መቅበር እብደት ይመስለን ነበር። በርሜሉ ላይ የሙት ራስ ከሁለት አጥንት ጋር ተስሏል። እኔ ፊደል የቆጠርሁ፣ ዳዊት የደገምሁ ሰው ነኝ፤ የሙት ራስ ምን ማለት እንደሆነ የሚተረጉምልኝ አያስፈልገኝም። አንቺ እንዳትደነግጪ ብዬ ከመጋዘኑ ጓሮ ተቀመጥሁና በድንጋይና በአሸዋ ፈግፍጌ አጠፋሁት።

እያንከባለልሁ ሳስገባው እልል አልሽ። «እሰይ የኔ ጌታ፣ ከእንግዲህ ወገቤ አረፈ!» አልሽኝ። በአመድና በፈላ ውሃ ሦስት ጊዜ አጠብሽው። «ሽታው አልለቅ አለ፣ ምን ነበረበት?» ብትዪኝ «ቀለም ነው» አልሁሽ። ከጣራው ጠርዝ ሥር አቆምነው፣ ሰኔ ገባና ሞላ፤ ክረምቱን ሙሉ ወደ ምንጭ አልወረድሽም። ፈረደ ባጥሩ ላይ ብቅ እያለ «አያ ተገኘ፣ ደግነቱ ለሚስት ብቻ ነው እንዴ? ጎረቤት ውሃ አይጠማውም?» እያለ ሲቀልድብኝ ለሱም አንድ አመጣሁለት፣ የዚያንም ሥዕል ፍቄ። የሱ ጣራ ያኔ ሣር ስለነበር ውሃ አይጠራቀምበትም፤ ሚስቱ ያልጋነሽ ኩበት ማስቀመጫ አደረገችው።

ዝናቡ ሲያባራ ውሃችን ጎደለ። ዳኘው ጣሳውን ይዞ፣ ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ እስከ ወገቡ በርሜሉ ውስጥ ገብቶ ከታች ይቀዳ ነበር። እግሩ ባየር ላይ ሲፈራገጥ ትስቂበት ነበር። እኔንና አንቺን ራሳችንን ሲያመን ፀሐይ ነው እያልን እናልፈዋለን። ጥቅምት በገባ በሳምንቱ ልጁን አስመለሰው፤ ከዚያ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ከዚያ ዓይኑ ተገልብጦ ወደቀ። በዋዜማው ትርንጎ ከመንደሯ ከወለቃ ማሰሮ ይዛ መጥታ «ይህ ልጅ ዓይኑ እንዴት ሸጋ ነው!» ብላ ነበር። ያቺን ቃል ያዝሽ። የገዛሽውን ማሰሮ ድንጋይ ላይ ከሰከስሽው።

ሰባት ቀን ጠበል አስጠመቅነው። ሰባቱን ቀን ከጠበሉ በቀር ሌላ ውሃ አልቀመሰም። በአምስተኛው ቀን መንቀጥቀጡ ተወው፤ በሰባተኛው የቄሱን ጥላ እኔ ልያዝ ብሎ አለቀሰ። እግዚአብሔርን አመስግነን ወደ ቤት ተመለስን። እሑድ ነበር። ማክሰኞ ረፋድ ላይ እንደገና ወደቀ። አንቺ «በበራችን አልፋለች፣ ሰው አይቷታል!» ብለሽ ጮኽሽ። እኔ የማየው ግን ጣሳውን ነበር። ከእጁ አልለቀቀውም፣ ደረቱም በውሃ ርሷል። ሰባት ቀን በጠበል የዳነ ልጅ በቤታችን ውሃ በሁለት ቀን ወደቀ። ያን ጊዜ አወቅሁ፣ አንጓች።

አውቄስ ምን አደረግሁ? አንቺ ክታብ ልታስጽፊ ደብተራው ዘንድ ስትሄጂ በርሜሉን ደፍቼ፣ በድጅኖ በስቼ ገደል ሰደድሁት። «ዝጎ አፈሰሰ» አልሁሽ። ሐኪም ቤት እንውሰደው ለማለት ግን አፌ አልተፈታም፤ ምን ጠጣ ብለው ይጠይቁኛላ። ዓርብ ዕለት ዳኘው አረፈ።

ብዙ ጊዜ ለእንጀራዬ ፈርቼ ነው እያልሁ ራሴን ሸንግያለሁ። ቢያባርሩኝ፣ ቢያስሩኝ ቤቴን ማን ይይዘዋል እያልሁ። ነገር ግን አንቺ አልጋ ላይ ሆነሽ ነፍስሽ ልትወጣ ስትል እንኳ አልተናገርሁም፤ በዚያ ሰዓት አንቺ ማንን ታሳስሪ ነበር? የፈራሁት ዓይንሽን ነው። እልል ብለሽ የተቀበልሽኝ ዓይን ሌላ ሆኖ እንዳላየው ስል ትርንጎን ሰጠሁሽ። ገበያ መካከል ሰድበሻት ስትመለሺ ውሃ አቀብዬሻለሁ። ሴቶቹ ሸክላዋን መግዛት ሲተዉ፣ ልጆቿ በድንጋይ ሲባረሩ ሰምቻለሁ። በመጨረሻው ቀንሽ የሺን አስጠርተሽ ከዚያች ሴት እጅ አንዳች ነገር እንዳትነካ ስታስምያት እግርሽ ሥር ተቀምጬ ነበር። ለነፍስ አባቴ ስናዘዝም ይህችን እየዘለልሁ ነው የኖርሁት። ነፍስሽን የሰው ጥላቻ አሸክሜ መስደዴ ግን ለጸሎት በቆምሁ ቁጥር ፊቴ ይደቀናል።

እንግዲህ ወደ ጣራው ልመለስ። አንቺ ካረፍሽ በኋላ፣ ግንቦት ላይ ፈረደ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ። ያልጋነሽም ኩበቱን አውጥታ፣ በርሜሉን አጥባ ከጣራው ሥር አቆመችው። ባጥሩ ቀዳዳ አየሁት። ነገ እነግራታለሁ አልሁ። በማግስቱ መንገድ ላይ አገኘችኝና «አያ ተገኘ ዕድሜ ይስጥዎ፣ ባንቱ በርሜል ከዳገቱ ልገላገል ነው» አለችኝ። አንገቴን ነቅንቄ አለፍሁ።

ሐምሌን ሙሉ ዝናቡ በበረታ ቁጥር ይኸው አጠበው፣ ይኸው ጠረገው እላለሁ። ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ልጃቸው ብርቄ ከበርሜሉ በሚንጠባጠበው ጭቃ ስትጫወት፣ ጣቷን ስትልስ ዓይኔን ወደ ሌላ አዞራለሁ። መስከረም ሲያልቅ ዝናቡ ቀጥ አለ። ከዚያ ወዲያ የውሃውን መጉደል የማውቀው በድምፅ ሆነ። ያልጋነሽ ስትቀዳ ጣሳው ብረቱን ሲመታ ይሰማኛል፤ በየቀኑ ድምፁ ወደ ታች እየወረደ፣ እየጎላ ይሄዳል። እንጀራ ስቆርስ እሰማዋለሁ። ዳዊት ስደግም እሰማዋለሁ። የሺ «አባባ፣ ምን ያስደነግጥሃል?» እያለች ትጠይቀኝ ጀመር።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ብርቄን አስመለሳት። በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ የሺ እየሮጠች መንገድ ላይ አገኘችኝ። «አባባ፣ የብርቄ እጅ እንደ ዳኘው ተንቀጠቀጠ! ትርንጎን ከወለቃ ጎትተው አምጥተዋታል፣ ትትፋባት እያሉ ነው» አለችኝ። የበላች ሰው ከተፋችበት ልጁ ይለቀቃል ይባላል፣ ታውቂዋለሽ። የሺ ፊት ላይ ደስታ ነበረ፤ ላንቺ የማለችልሽ ልጅ ናት።

የፈረደ ግቢ ሰው ሞልቶበታል። ትርንጎን ሁለት ጎረምሶች በክንዷ ይዘዋታል፤ እጇ ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም። ያልጋነሽ ልጇን ታቅፋ «ትፊባት! ያደረግሽውን አንሺ!» ትላለች። ትርንጎ ቀና ብላ «ምራቄ የሚያድን ቢሆን፣ የኔ ልጆች በናንተ ድንጋይ ሲፈነከቱ ምነው አላዳንኋቸው?» አለች። አንዲት አሮጊት «ደግሞ አፏ!» አሉ። ሰው ሳቀ።

«ልቀቋት» አልሁ። «ልጅቱን የያዛት ውሃው ነው። በርሜሉ የአንበጣ መርዝ የነበረበት ነው። ያመጣሁት እኔ ነኝ። የኔንም ልጅ የገደለው እሱ ነው።»

ፈረደ መጥቶ ትከሻዬን ያዘ። «አያ ተገኘ፣ ሐዘኑ ጎድቶሃል። ና ተቀመጥ» አለኝ። አዝኖልኝ ነው። በዚያ ሐዘኔታ ማምለጥ እችል ነበር፤ ተቀምጬ ባለቅስ ሁሉም ምስኪን ብሎ ይተወኝ ነበር። እጁን አስለቅቄ ሄድሁና በርሜሉን በትከሻዬ ገፍቼ ደፋሁት። ያልጋነሽ ጮኸች። ፈረደ ኮሌታዬን አነቀኝ። «የሙት ራስ ተስሎበት ነበር። በገዛ እጄ ነው የፋቅሁት» ስለው እጁ ላላ። ጎረምሶቹም ትርንጎን ለቀቋት።

ያልጋነሽ ጠጋ ብላ ፊቴን አየችው። «ክረምቱን ሙሉ ስቀዳ ታየኝ አልነበረም?» አለችኝ። እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የምትለኝ። «አይሽ ነበር» አልኋት። ፊቴ ላይ ተፋችብኝ። ሳልጠርገው «ልጅቱን ሐኪም ቤት እናድርሳት፣ የጠጣችውን የማውቀው እኔ ነኝ» አልሁ። ፈረደ አቀፋት፣ ሦስታችንም ሮጥን።

የሐኪም ቤቱ ድሬሰር ሲጠይቅ ሁሉን ዘረገፍሁለት፤ የዱቄቱን መልክ፣ ሽታውን፣ በርሜሉ የቆየበትን ጊዜ። «የትልቅ ሰው ራስ የሚያሳምም ነገር ሕፃን ይጥላል» አለን። «ሰውነታቸው ትንሽ ነው፣ ያገኙትን ሁሉ ደግሞ ወደ አፋቸው ነው። የምትጫወትበትን ጭቃም ቆፍራችሁ አውጡት፣ ልብሷንም በንጹሕ ውሃ እጠቡ።» ልጅቱ ዘጠኝ ቀን ተኛች። አሁን ቤቷ ናት። እጇ አንዳንዴ ይንቀጠቀጣል፤ ድሬሰሩም ፈጽሞ ይተዋታል ብሎ አላረጋገጠልንም። ጭቃውን እኔና ፈረደ አብረን ቆፈርነው።

የመጋዘኑ ሹም ዘንድ ራሴ ሄጄ ተናገርሁና ከሥራ ተሰናበትሁ። የሺ አምስት ቀን አኮረፈችኝ። በስድስተኛው ቀን ወጥ እያማሰለች፣ ፊቷን ሳታዞር «እማማ ታውቅ ነበር?» አለችኝ። አታውቅም አልኋት። «እንኳን አላወቀች» አለች። እኔ ግን እንኳን ማለት ስላልቻልሁ ነው ይህን የምጽፍልሽ።

ባለፈው ሳምንት ወለቃ ሄድሁ። ትርንጎ ጭቃ እያቦካች ነበር፣ ተቀመጥ አላለችኝም። ቆሜ ሁሉን ነገርኋት፣ ስምሽንም ጠርቼ ማሪያት አልሁ። እጇን ሳታቆም «ለኔ ምን ትነግረኛለህ? ልጅህን እንዳልበላሁት እኔ መች ጠፋኝ? የጠፋቸው እነሱ ናቸው፤ ገበያው ደግሞ በየቅዳሜው ይቆማል» አለችኝ። ስላንቺ ግን «እሷማ ልጇ ሞቶባት ነው» አለች። ይህን አድርስልኝ አላለችኝም፤ እኔ ነኝ የማደርስሽ። አንቺንና ዳኘውን በጸሎት ሳነሣ ከእንግዲህ የምዘልለው ቃል እንደማይኖር እወቂልኝ።

ትናንት ቅዳሜ ነበር። ድጅኖዬን ይዤ ገበያ ወጣሁና ከትርንጎ ሸክላዎች አጠገብ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ላይ ቆምሁ። ስሜን፣ ያባቴን ስም፣ የጠበቅሁትን መጋዘን ጠርቼ ጮህሁ። ልጄ በምን እንደሞተ፣ ምን እንደፋቅሁ፣ ሐሰቱን በማን ላይ እንደተውሁት ተናገርሁ። ከመጋዘን የወጣ በርሜል ያለው ውሃ እንዳያጠራቅምበት፣ እህል እንዳያስቀምጥበት፣ ልጆቹን እንዲያርቅ ለመንሁ። አንዱ «አብዷል» አለ። አንዱ «ሌባ!» አለ፤ እሱ እንኳ አልተሳሳተም። ድምፄ እስኪዘጋ ደጋገምሁት።

ሰዉ ሲበታተን አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ቆማ ቀረች። «እኛ ቤትም አለ። ባሌ ከዚያው መጋዘን ነው ያመጣው፣ ጠላ እጠምቅበታለሁ» አለችኝ። ተከተልኋት። ባሏ ከደጅ ወጥቶ «ማን ነህ አንተ?» ሲለኝ ነገርሁትና፣ ልጆቹ ሲያዩኝ፣ በርሜሉን አስተኝቼ በድጅኖው በሳሁት።