እሁድ እሁድ ያጨበጨብንለት ቁጥር

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ ከወረቀቱ በፊት ናፍቆቴ ይድረስሽ። በሰው አገር እንደምን ከርመሻል? ያ አመለኛ ጉልበትሽ ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃ በወጣሽ ቁጥር ያስለቅስሻል? የምትንከባከቢያቸው አሮጊትስ ጠባያቸው ገራ? እህል ይስማማሻል? እንቅልፍ ይወስድሻል? እኛ ቤት አባባም እማማም ደህና ናቸው። ልጅሽም አለች። አለች ስልሽ ግን እንደ ወትሮው አፌን ሞልቼ አይደለም። አትደንግጪ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁት።

ለአባባ የላክሽላቸውን የደም ግፊት መለኪያ መቼም አትረሺውም። እኛ ደግሞ ማን ይሙት፣ መጫወቻ አደረግነው። እሁድ እሁድ ከቁርስ በፊት ሁላችንም በተራ ክንዳችንን እንሰጣለን። አባባ መቶ ሃምሳ፣ እማማ መቶ አርባ፣ እኔ መቶ ሠላሳ ምናምን። ድንቢጧ ልጅሽ ግን በስምንት ዓመቷ መቶ ሃያ በሰማንያ! ሳጥኑ ላይ ትክክለኛ ተብሎ የታተመው ቁጥር ራሱ። አጨበጨብንላት። አባባ ወንበራቸውን ለቀቁላት። አንቺም በስልክ እልል ብለሽ ለአሸናፊዋ ቢጫ ቦርሳ ላክሽላት። አሥራ አንድ እሁድ በተከታታይ አሸነፈች። አሁን ያንን ጭብጨባ መልሼ ብወስደው እወዳለሁ።

ምክንያቱም በዚያው ሰሞን ራሴን አመመኝ ትል ነበር። እማማ ጨዋታ አብዝታ ነው አሉ፣ እኔ የትምህርት ስንፍና ነው አልኩ። አንድ ቀን በሰፋሁላት ነጭ የዩኒፎርም ሸሚዝ ላይ ነስሯት መጣች። የሸሚዙ ነገር ነው መጀመሪያ የከነከነኝ። ይህን ስጽፍልሽ እጄን ልቆርጠው ይዳዳኛል።

ሰፈራችን ወዳለው ክሊኒክ ወሰድኳት። እትዬ፣ ቦታውን ብታዪው ያንገፈግፍሻል። መጋረጃው የሰው እጅ ጠርጎበት ቅባት ጠግቧል፣ እጅ መታጠቢያው ላይ ያለው ሳሙና ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጤና መኮንኑ ማስቲካውን እያላመጠ፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል ይዞ፣ የአዋቂውን የመለኪያ ጨርቅ በዚያች ቀጭን ክንዷ ላይ ጠመጠመው። ከብብቷ ጀምሮ ክርኗን አልፎ ወረደ። ቁጥሩን አየና «መቶ ሃያ በሰማንያ! ይሄን ለእኔ ባደረገው!» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። የዚያን ቀን ሳቅ እስካሁን ጥርሴ ላይ ተጣብቆ ይሰማኛል።

በሳምንቱ እንደገና ሲነስራት የልጆች ሐኪም ቤት ወሰድኳት። እዚያ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ነርስ ተቀበለችን። ልጅሽን ወንበር ላይ አስደግፋ፣ እግሯ እንዳይንጠለጠል በርጩማ አስገብታ፣ አምስት ደቂቃ ዝም በይ አለቻት። ለፍላፊነቷን ታውቂዋለሽ፣ ከሕመሙ ይልቅ ዝምታው ነው የገደላት። ከዚያ ነርሷ ከመሳቢያ ትንሽ ጨርቅ አውጥታ ሦስት ጊዜ ለካቻት። መቶ ሃያ ስምንት በሰማንያ አራት። ትልቁ ጨርቅ ለካ የልጅ ክንድ ላይ ሲሆን ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያሳየው።

ነርሷ የልጅሽን ቁመት ጠየቀችኝ። ሳልለካ፣ ከነሴንቲሜትሩ ነገርኳት። ያን ጊዜ ሰንጠረዥ ዘርግታ በጣቷ እያሳየች አስረዳችኝ። ልጅ አሥራ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። በዕድሜው፣ በቁመቱ፣ ወንድ ወይም ሴት በመሆኑ፣ ከእኩዮቹ ጋር ነው የሚመዘነው። ከመቶ እኩዮቹ ከዘጠና አምስቱ ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ፣ ያውም ሌላ ቀን ተለክቶ ካልወረደ፣ ከፍተኛ ነው ይባላል። ለእኛዋ ከመቶ አሥር በታች ነበር መሆን የነበረበት። መቶ ሃያ በሰማንያ እንደ አባባ ላለ አዋቂ የሚገባ ልክ ነው እንጂ የእሷ አይደለም።

እትዬ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ልጅ በበሩ ሲገባ ቁመቱን በዓይኔ አውቃለሁ። አንድም ቀን ለልጅ የአባቱን ሸሚዝ ሰጥቼ ልክህ ነው ብዬ አላውቅም። የገዛ እህቴን ልጅ ግን የአባቴን ቁጥር አልብሼ አጨበጨብኩላት።

ሁለት ጊዜ ተመልሰን ተለካች፣ አልወረደም። በአልትራሳውንድ ሲታይ አንዱ ኩላሊቷ ከሌላው ያነሰና ጠባሳ ያለበት ሆኖ ተገኘ። ሕፃን ሳለች እየተመላለሰ ያተኮሳት የሽንት ኢንፌክሽን ሳይሆን አይቀርም አሉ፣ እኛ ጥርስ ስታበቅል ነው ብለን ያለፍነው። ሐኪሙ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ከወሰደች ታድጋለች፣ ትማራለች፣ ትሮጣለች ብሎኛል። ከተወችው ግን ኩላሊቷም ልቧም ይጎዳል። ጠዋት ጠዋት ግማሽ ክኒን ነው።

የምርመራዋን ወረቀት ይዤ ወደዚያ የሰፈራችን ጤና መኮንን ሄድኩ። ቀና ብሎም አላየኝ። «እኛ ለሁሉም በዚሁ ነው የምንሠራው» ብሎ ያንኑ ጨርቅ ለሌላ ሕፃን ጠመጠመ። የሕፃኑን እናት የልጆች ሐኪም ቤት ወዳለችው ነርስ ላክኋትና ወጣሁ። ደጁ ላይ እንትፍ አልኩ። ምራቄ ግን ለእሱ ብቻ አልነበረም።

መድኃኒቱን በጀመረች በሁለተኛው እሁድ፣ በገዛሁት ትንሽ ጨርቅ ለካኋት። መቶ ስድስት። እኔ በደስታ ላለቅስ ደረስኩ፣ ግን ማንም አላጨበጨበም። አፍረን ነዋ! እሷ የእያንዳንዳችንን እጅ ተራ በተራ አየች። በሳምንቱ ቁጥሩ መቶ ሃያ ስድስት ሆኖ ተመለሰ። ሐሙስ ዕለት የአዝራር ቆርቆሮዬን ስከፍት አምስት የተላሱ ግማሽ ክኒኖች አገኘሁ። ስጠይቃት መሬት መሬት እያየች «ክኒኑን ስውጠው እሸነፋለሁ። እማዬ ቦርሳውን ትወስድብኛለች» አለችኝ።

እትዬ፣ እኔ ነገርኳት፣ ነርሷም ነገረቻት። አላመነችንም። እልልታሽን እንጂ የእኛን ቃል አትሰማም። ስለዚህ በራስሽ እጅ ጻፊላት። ትልልቆቹ ተሳሳትን፣ ያንቺ ልክ ትንሹ ነው፣ ቦርሳውም ያንቺው ነው በያት። ደብዳቤሽ እስኪደርስ ድረስ ጠዋት ጠዋት አገጯን ይዤ እንደ ሌባ ከምላሷ ሥር እፈትሻለሁ። ራሴን ከምንም በላይ የምጸየፈው ያን ጊዜ ነው።

አባባ ሰላም ብለውሻል። ወንበራቸውን መልሰው ሰጥተዋት እሳቸው በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። እማማ እየጸለዩልሽ ነው፣ ጉልበትሽን በሙቅ ውሃ ያዢው ብለዋል። የምትንከባከቢያቸውን አሮጊት ጤና ይስጥልኝ በይልኝ። ድንቢጧም አጠገቤ ቆማ ብዕሬን እያየች ነው። እማዬን ሳምልኝ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ማሸነፌን ጻፍላት፣ የተሸነፍኩትን ግን እንዳትነግርብኝ ብላኛለች።

ታናሽ ወንድምሽ
ከልብስ ስፌት ክፍሌ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን